ከቤተሰብ መኪና ዕቃ የተወለዱት የእንግሊዝ የስፖርት መኪኖች

ጤና ይስጥልኝ።

የድሮ የእንግሊዝ የስፖርት መኪና ፊት የቆመ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በረጅሙ ኮፈን፣ በሽቦ ቸርኬውና በዝቅተኛው ወንበር ላይ ነው። ዛሬ ግን ኮፈኑን ከፍተን፣ መኪናዋንም በክሪክ አንስተን ከሥር እንያት። የእንግሊዝ የስፖርት መኪና ታሪክ ተጽፎ የሚገኘው እዚያ ነውና። ሞተሩ ከአንድ የቤተሰብ መኪና የመጣ ነው፤ የፊት እግሩ፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናዋ ጋር የሚያያይዘው የሞላና የክንድ ሥራ፣ ከሌላ፤ መሪው ደግሞ ከሦስተኛ። እነዚህን መኪኖች በዋጋ ያረከሳቸው፣ ለስድሳና ለሰባ ዓመት በመንገድ ላይ ያቆያቸው፣ በመጨረሻም ፋብሪካቸውን ለመዝጋት ካበቁት ምክንያቶች አንዱ የሆነው ይኸው ነገር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ኦክስፎርድ ነው። ዊሊያም ሞሪስ በከተማዋ ውስጥ ሞሪስ ጋራዥስ የሚባል መኪና መሸጫና መጠገኛ ነበረው። በ1922 የዚያ ቤት ሥራ አስኪያጅ የሆነው ሴሲል ኪምበር ተራዎቹን የሞሪስ መኪኖች እየወሰደ ዝቅና ቀለል ያለ ቦዲ ያለብሳቸው ጀመር። ኤምጂ የተባለውም ከጋራዡ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ነው። በ1928 ለንደን ኦሎምፒያ አዳራሽ የታየችው ኤም-ታይፕ ሚጄት 847 ሲሲ ሞተሯን ያገኘችው ከትንሿ ሞሪስ ማይነር ነበር። እስከዚያ ድረስ የስፖርት መኪና የሀብታም ዕቃ ነበር፤ ሚጄት ግን መካከለኛ ገቢ ያለው ሰውም የሚደርስባት ሆነች። በ1929 ሥራው አቢንግደን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተዛወረ፤ ኤምጂም እስከ 1980 ድረስ እዚያው ተሠራ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ዕዳ ላይ ወድቃ ነበር። ብረት በኮታ ይከፋፈል ስለነበር፣ ወደ ውጭ ብዙ መኪና የሚልክ ፋብሪካ ብዙ ብረት ያገኛል፤ የማይልክ ይጠማል። በ1945 መጨረሻ የወጣችው ኤምጂ ቲሲ የዚህ ጊዜ ልጅ ናት። 1250 ሲሲ ሞተሯ ሥሩ ከሞሪስ ቴን ነው፤ ጉልበቱ 54 የፈረስ ጉልበት፤ ጎማዎቿ ቀጫጭንና ባለ 19 ኢንች ነበሩ። መሪዋ በቀኝ ብቻ ነበር። እስከ 1949 ድረስ 10,000 ያህል ተሠሩ። ብዙ ጊዜ «አሜሪካን ያጥለቀለቀች መኪና» ስትባል ይሰማል፤ አሜሪካ የገቡት ግን 2,000 ገደማ ብቻ ናቸው። ቁጥራቸው ትንሽ ቢሆንም ያነሣሡት ፍላጎት ትልቅ ነበር። በ1961 የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ፊል ሂል በካሊፎርኒያ ውድድር የጀመረው በቲሲ ነው። በ1949 ፓውንድ ከ4.03 ዶላር ወደ 2.80 ዶላር ሲወርድ የእንግሊዝ መኪና አሜሪካ ውስጥ በአንድ ጊዜ ረከሰ፤ ያ የተነሣሣው ፍላጎትም ገበያ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ የእግር ሥራ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ከሁሉም ይልቅ ነገሩን የሚያስረዳው እሱ ነውና። ኋላ ሚኒን የነደፈው አሌክ ኢሲጎኒስ በ1930ዎቹ መጨረሻ ለአንዲት ትንሽ የቤተሰብ መኪና ራሱን የቻለ የፊት እግር ነድፎ ነበር፦ ሁለት ክንድ፣ መሀላቸው ጥምዝ ሞላ፣ የላይኛውም ክንድ ራሱ የአሞርዛተሩ ክንድ የሆነበት። ጦርነቱ ሥራውን አቆመው። በ1947 ዋይ-ታይፕ በምትባል ባለ አራት በር ኤምጂ ላይ ተገጠመ። በ1950 ቲዲ ለተባለችው የስፖርት ኤምጂ ተላለፈ፤ በ1953 ለቲኤፍ፤ በ1955 ለኤምጂኤ፤ በ1962 ለኤምጂቢ። በ1980 ከአቢንግደን የወጣችው የመጨረሻዋ መኪና በዚያው አሠራር ላይ ቆማ ነው የወጣችው። ንድፉ ጥሩ ስለነበር ቆየ፤ መተካት ገንዘብ ስለሚጠይቅም ቆየ። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ሌሎቹም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ጃጓር በ1948 ኤርልስ ኮርት ትርኢት ላይ ኤክስኬ120ን ሲያቀርብ ሊያስተዋውቅ የፈለገው አዲሱን 3.4 ሊትር ሞተር ነበር፤ ሞተሩ የታሰበው ለትልቅ የቤተሰብ መኪና ሲሆን ሻንሲውም ማርክ ፋይቭ ከተባለው የጃጓር የቤተሰብ መኪና ላይ አጥሮ የተወሰደ ነው። ፈላጊው ከግምት በላይ በመሆኑ፣ መጀመሪያ በእጅ በአሉሚኒየም ይሠራ የነበረው ቦዲ ከ240 ያህል መኪና በኋላ በማሽን በሚታተም ብረት ተተካ። ዶናልድ ሂሊ በ1952 ያቀረባት ሂሊ 100 የኦስቲን ኤ90 አትላንቲክን 2660 ሲሲ ሞተር የያዘች ናት፤ የኦስቲኑ ሌናርድ ሎርድ እዚያው ትርኢት ላይ በራሱ ፋብሪካ ሊሠራት ተስማማ፤ ስሟም ኦስቲን-ሂሊ ሆነ። በ1958 የተከተለችው ትንሿ ስፕራይት ሞተሯ ከኦስቲን ኤ35፣ መሪዋ ከሞሪስ ማይነር ነው። የፊት መብራቶቿ ተኝተው እንዲነሱ ታስቦ ነበር፤ ወጪው ስለበዛ ኮፈኑ ላይ ቆመው ቀሩ፤ «የእንቁራሪት ዓይን» የተባለችውም በዚህ ነው። የ1953ቷ ትራያምፍ ቲአር2 1991 ሲሲ ሞተሯ ስታንዳርድ ቫንጋርድ ከተባለው የቤተሰብ መኪና የመጣ ሲሆን የዚያው ቤተሰብ ሞተር የፈርጉሰን ትራክተርንም ይጎትት ነበር። የኮሊን ቻፕማን ሎተስ ኢላን እንኳ፣ ያን ያህል የረቀቀች ሆና፣ የሞተሯ ታችኛው ክፍል የፎርድ ነው።

ከሁሉ በብዛት የተሠራችው ኤምጂቢ ናት፤ ከአሁን በኋላ የምቆየውም እሷ ላይ ነው። ሲድ ኤኔቨር የመራው ቡድን በ1962 ያወጣት ይህች መኪና 1798 ሲሲ ሞተርና 95 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ከግብር በፊት ዋጋዋ 690 ፓውንድ ነበር። ጣሪያ ያላት ጂቲ በ1965 ተከተለች። ሁለቱ ተደምረው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። ከዚያ በ1968 አሜሪካ የደኅንነትና የጭስ ሕጎቿን ማጥበቅ ጀመረች፤ በዚያው ዓመትም ፋብሪካው ብሪቲሽ ሌይላንድ በሚባለው ትልቅ ድርጅት ሥር ገባ። ድርጅቱ ገንዘብ አጥሮት ስለነበር አዲስ መኪና ከመንደፍ ይልቅ አሮጌዋን ለሕጉ ማመቻቸት ተመረጠ። በ1974 መጨረሻ ጥቁር የጎማ ፓራውልት ተገጠመላት፤ መብራቷ ከሚፈለገው ከፍታ እንዲደርስ ደግሞ መኪናዋ በሙሉ 38 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ተደረገች። ከፍ ያለች መኪና ኩርባ ላይ ትጋደማለች። ለአሜሪካ የሚላከው ሞተርም በአንድ ካርቡራተርና በጭስ ማጣሪያ ታንቆ ወደ 62 የፈረስ ጉልበት ወረደ። በመስከረም 1979 አቢንግደን እንደሚዘጋ ተነገረ፤ በጥቅምት 1980 ተዘጋ። የፓውንድ መወደድ የአሜሪካ ሽያጩን ኪሳራ አድርጎት ነበር፤ ነገር ግን ፓውንዱ ባይወደድም እንኳ ከ1950ዎቹ የመጣ ሞተርና ከ1930ዎቹ የመጣ እግር ይዞ 1980ዎቹን መሻገር አይቻልም ነበር።

ያ ሁሉ ተራ ዕቃ ግን ለዛሬው ባለቤት በረከት ነው። የማይገኝ መለዋወጫ የለም ማለት ይቻላል፤ በመደበኛ መፍቻ የማይፈታ ነገርም ጥቂት ነው። ስለዚህ መኪናዋን ልትገዙ ስትሄዱ ሞተሩን ሳይሆን ቦዲውን መርምሩ። ሞተር በሁለት ቅዳሜ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ የበሰበሰ ቦዲ ግን የመኪናዋን ዋጋ ሁለት ጊዜ ይበላል።

ኤምጂቢ ሻንሲ የላትም፤ ቦዲዋ ራሱ ነው ሻንሲው። ክፍቷ መኪና ደግሞ ጣሪያ ስለሌላት የፊቷን ከኋላዋ ጋር አጥብቀው የሚይዙት ከበሮቹ ሥር በርዝመት የተዘረጉት ሣጥን መሰል ብረቶች ናቸው። እያንዳንዱ ከአራት ላሜራ የተገጠመ ነው፦ ከውጭ የሚታየው ሽፋን፣ መሀል የቆመው አጠንካሪ፣ ከወለሉ ጋር የሚገናኘው የውስጥ ግድግዳ፣ ከታች ደግሞ እነዚህን የሚያያይዝ ብረት። የፊት ጎማ የሚረጨው ጭቃና የክረምት ጨው ከፓራፋንጎው በስተኋላ ባለ ኪስ ውስጥ ይጠራቀማል፤ የውኃ መውጫው ሲደፈን እርጥበቱ ወደ ሣጥኑ ይገባል። ስለዚህ ዝገቱ የሚበላው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ከውጭ አንዲት የቀለም እብጠት ስትታይ መሀል ያለው አጠንካሪ አልቆ ሊሆን ይችላል።

አመራመሩ እንዲህ ነው። በሩን ዝጉና ከኋላ ጠርዙ ያለውን ክፍተት ከላይና ከታች አወዳድሩ። ላይኛው ጠቦ ታችኛው ከሰፋ ወገቧ ረግቧል ማለት ነው። ከዚያ አንዱን ጎን በክሪክ አንሱ፤ ስትነሣ ክፍተቱ ከተለወጠ ወይም በሩ አልከፈት ካለ ድርድሩ እዚያ ላይ ይብቃ። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በፓራፋንጎዎቹና በበሮቹ ታችኛ ክፍል ላይ አስኪዱት፤ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። ከወንበሮቹ ኋላ ምንጣፉን ገልጣችሁ የባትሪ ሣጥኖቹን ተመልከቱ፤ እስከ 1974 ድረስ ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች እዚያ ይቀመጡ ነበር፤ አሲዱ ታቹን ይበላዋል። የኋላ ባሌስትራው የፊት ጫፍ የሚታሰርበት ቦታም ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ እዚያ ያለ ዝገት አደገኛ ነው።

አንድ የተለመደ ማታለያ አለ። የዛገው ሽፋን ሳይነሣ ከላዩ አዲስ ላሜራ ይበየድና ይቀባል። ትክክለኛው ሽፋን ከፊት በፓራፋንጎው ሥር፣ ከኋላም በኋላ ፓራፋንጎው ሥር የሚያልፍ ረጅም ቁራጭ ነው። የፊቱ ፓራፋንጎ በቡሎን ስለታሰረ ይፈታል፤ የኋላው ግን የተበየደ ስለሆነ ታችኛው ክፍሉ መቆረጥ አለበት። ባለቤቱ «ተለውጧል» ካለና የሥራው ፎቶግራፍ ካለው አሳዩኝ በሉ፤ ፓራፋንጎው ሳይነካ ተለወጠ የተባለ ብረት አልተለወጠም።

ሥራውን ራሳችሁ ለመሥራት ካሰባችሁ ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። ባትሪውን ፍቱ፤ ምንጣፍና ወንበር አውጡ፤ የቤንዚን ቱቦውን ከሙቀት አርቁ። መኪናዋን በተስተካከለ ወለል ላይ፣ ክብደቷ በፊት ድልድይዋና በኋላ አክስሏ እንዲያርፍ አድርጋችሁ አቁሙ፤ መሀሏን ብቻ በክሪክ ደግፎ መበየድ ቦዲውን ጠምዝዞ ለዘላለም ያስቀረዋል። ከመቁረጣችሁ በፊት በበሩ መክፈቻ ላይ ከፊት ምሰሶ እስከ ኋላ ምሰሶ የብረት ማገር በጊዜያዊነት በይዱ። አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ብቻ ወደ ሌላው ሂዱ። አዲሱን ላሜራ በጥቂት ነጥብ አያይዛችሁ ማገሩን ፍቱ፣ በሩን ስቀሉ፣ ክፍተቱን እዩ፤ ዙሪያውን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ወጥ ሆኖ ካልተገኘ ነጥቦቹን ቁረጡና አስተካክሉ። ጠቅላላ ብየዳው ከዚህ በኋላ ነው። ተደራቢ ጠርዞቹን ከመበየዳችሁ በፊት ሙቀት የሚችል የዚንክ ቀለም ቀቡ፤ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ በሣጥኑ ውስጥ ፈሳሽ ሰም በረጅም ቱቦ እርጩ። ሰሙ በየጥቂት ዓመቱ መደገም አለበት። ቦዲው ከዚህ ያለፈ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ፦ ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት በ1988 የአቢንግደንን ዘመን ማተሚያ ቅርጾች ሰብስቦ ሙሉ የኤምጂቢ ቦዲ እንደ አዲስ መሥራት ጀመረ። ለብዙ መኪኖች አራትና አምስት ቦታ ከመጣፍ ይልቅ ይህ ይረክሳል።

ካርቡራተሩን ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ ያለ በቂ ምክንያት። በቀደሙት ኤምጂቢዎች ላይ የሚገኙት ኤስዩ ኤችኤስ4 የሚባሉ ሁለት ካርቡራተሮች ናቸው፤ ከዚህ በታች የምለውም ስለ እነሱ ነው። በውስጣቸው ያለው ዋና ተንቀሳቃሽ አንድ ፒስቶን ነው፤ ሞተሩ አየር ሲስብ ፒስቶኑ ይነሣል፣ ሾጣጣ መርፌውም ከጀቱ ውስጥ አብሮት እየወጣ ቤንዚኑን ይጨምራል። ችግሩ ሰዎች ከካርቡራተሩ መጀመራቸው ነው። መጀመሪያ የቫልቭ ክፍተቱን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ 0.38 ሚሊ ሜትር አድርጉ። ካንዴላዎቹን 0.63፣ ፑንቲናውን ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር። የእሳት አነሳሱ ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ነው። ታይሚንጉ ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ሞተሩን አሙቃችሁ ወደ ካርቡራተሩ ኑ።

የአየር ማጣሪያዎቹን አውጡ። የላይኛውን ክዳን ፈትታችሁ ዘይቱን እዩ፤ ክዳኑን መልሳችሁ ስትጫኑት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀረው ዘንጉ መቋቋም ከጀመረ በቂ ነው፤ ካልተቋቋመ ቀጭን ባለ 20 ዘይት ጨምሩ። ዘይቱ ካለቀ መኪናዋ ቤንዚን በድንገት ሲሰጣት ትታነቃለች። ፒስቶኑን በጣት አንሥታችሁ ልቀቁት፤ ወርዶ «ቀጭ» የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ማሰማት አለበት። ከዚያ ሁለቱን ካርቡራተሮች የሚያያይዘውን ዘንግ ማሰሪያ አላሉና፣ የላስቲክ ቱቦ ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ የሁለቱን አፍ የአየር ፉጨት አዳምጡ፤ በሥራ ፈት ቪሶቹ እኩል አድርጓቸው። ቀጥሎ ድብልቁ ነው። ከሥር ያለውን የጀት ዳዶ እስከ ላይ አጥብቃችሁ ሁለት ሙሉ ዙር መልሱት፤ መነሻው ይህ ነው። አሁን የአንዱን ፒስቶን በሚሊ ሜትር ስባሪ ብቻ አንሡ። ሞተሩ ፈጥኖ በዚያው ከቀጠለ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ዳዶውን ወደ ላይ። ሊጠፋ ከደረሰ አንሷል፤ ወደ ታች። ለቅጽበት ፈጠን ብሎ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ትክክል ነው። በሁለቱም ላይ አድርጉት፤ ማሰሪያውን መልሳችሁ አጥብቁ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተረጋጋ የስሮትሉ ዘንግ ተበልቶ አየር እያስገባ ነው፤ ዘንጉና ቦኮላዎቹ ሳይለወጡ ማስተካከል ጊዜ ማባከን ነው።

የእነዚህን መኪኖች የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሠራ ስለነበረው ስለ ሉካስ ብዙ ቀልድ ይነገራል። ቀልዱ ፍትሐዊ አይደለም፤ ከ50 ዓመት በላይ በእርጥብ አገር የቆየ ማንኛውም ሽቦ እንዲህ ነው። አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ከዛገ የመሬት ግንኙነትና ከጥይት መሰል ማያያዣዎቹ ነው። መብራት ደብዛዛ ሲሆን ሙሉ ሽቦውን ከመለወጣችሁ በፊት መብራቱን አብርታችሁ በቴስተር ከአምፖሉ መያዣ አካል እስከ ባትሪው የመሬት ጫፍ ያለውን ቮልቴጅ ለኩ፤ ከ0.3 ቮልት በላይ ካለ ጥፋቱ መሬቱ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ ማሰር ይበቃል። የሽቦዎቹ ቀለም ቋንቋ አለው፦ ጥቁር መሬት ነው፤ ቡናማ ሁልጊዜ ኃይል ያለበትና ፊውዝ የሌለው ነው፤ ነጭ ቁልፍ ሲከፈት ኃይል ያገኛል፤ አረንጓዴ ያው ነጩ ፊውዝ አልፎ ነው፤ ሐምራዊ ሁልጊዜ ኃይል ያለው ሆኖ ፊውዝ ያለበት፤ ሰማያዊ ለትልቁ መብራት፣ ቀይ ለትንሹ። ይህን ያወቀ ሰው ያለ ሥዕላዊ መግለጫም ብዙ ርቀት ይሄዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እስከ 1967 የተሠሩት መኪኖች ፖዘቲቩ ነው ከቦዲው ጋር የሚታሰረው። ዘመናዊ ሬዲዮ ሳያዩ መግጠም ሬዲዮውን ያቃጥለዋል።

የፊት እግሩ የሚኖረው በግሪስ ነው። በየጎኑ ሦስት የግሪስ ማስገቢያዎች አሉ፤ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ግሪስ ይፈልጋሉ። መኪናዋ ጎማዋ ላይ ቆማ ሳለ ከተቀባች ግሪሱ ክብደት ወደተሸከመው ገጽ አይደርስም፤ ስለዚህ የፊቷ ተነሥቶ፣ መሪው ወዲህና ወዲያ እየዞረ ነው የሚቀባው። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ዘንጉ ይበላል፣ መሪው ይከብዳል፤ መጠገኑም ፕሬስ ማሽንና በልክ የሚቦርሽ መሣሪያ ይጠይቃል።

የሽቦ ቸርኬ ውብ ነው፤ ግን ኃላፊነት አለው። ቸርኬው ከሐቡ ጋር የሚይዘው በጥርስ ነው፤ ጥርሱ ሲሾል መኪናዋ ስትነሣና ፍሬን ስትይዝ «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ያረጀ ሐብ ላይ አዲስ ቸርኬ ከገጠማችሁ አዲሱን ይበላዋል፤ ሁለቱ አብረው ይለወጣሉ። ቸርኬውን መሀል ላይ የሚያጠብቀው ትልቅ ዳዶ በግራው ጎን ሐብ ላይ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፣ በቀኙ ጎን ወደ ግራ። ማጥበቂያው አቅጣጫ ጎማው ወደፊት ከሚዞርበት በተቃራኒ ነው፤ ስለዚህ በመንዳት ላይ ራሱን እያጠበቀ ይሄዳል። አክስል ሲታደስ ግራና ቀኙ ከተቀያየረ ግን ራሱን እየፈታ ይሄድና ጎማው ይወጣል። አድሶ የተሸጠ መኪና ስትገዙ ይህን በራሳችሁ ዓይን አረጋግጡ።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ። የቲአር2 እስከ ቲአር4 ሞተር ሲሊንደሮች ተነሺ ስለሆኑ ሞኖብሎኩን ሳታስቦርሹ በአዲስ መተካት ትችላላችሁ፤ ግን የእያንዳንዱ አፍ ከሞኖብሎኩ ገጽ ከ0.08 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ አለዚያ የቴስታታ ጓርኒሲዮን አይይዝም። በቲአር6 ላይ አንድ ሰው ፍሪሲዮኑን እየረገጠ የሞተሩን የፊት ፑሊ ተመልከቱ፤ ወደፊትና ወደኋላ የሚሄደው ከ0.35 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ የክራንኩ ማስደገፊያ ግማሽ ቀለበቶች አልቀዋል፤ ከወደቁ ሞኖብሎኩ ራሱ ይበላል። የጃጓር ኢ-ታይፕ ላይ ሞተሩን የሚሸከመው ከፊት ያለው የቱቦ ማዕቀፍ ነው፤ ቱቦው ከውስጥ ይዝጋል፣ በመጋጠሚያው ይሰነጠቃል፤ የኋላ ፍሬኖቹም ከዲፈረንሻሉ ጎን ስለተገጠሙ ሙቀታቸው የዘይት መያዣ ጎማዎቹን ያበስላቸዋል። ኢላን ቦዲዋ ፋይበር ስለሆነ አይዝግም፤ ከሥሩ ያለው ቀጭን የብረት ሻንሲ ግን ይዝጋል፤ የፊት መስቀለኛው ውስጡ የመብራቶቹ ማንሻ የቫኩም ማጠራቀሚያ ስለሆነ ሲበሳ መብራቶቹ ይተኛሉ። ሞርጋን የተባለው መኪና እስካሁንም የቦዲ ማገሩ አሽ (ash) ከሚባል ዛፍ እንጨት ነው፤ እዚያ የሚፈራው ብስባሴ ነው።

የእኔን ፍርድ ካልጠየቃችሁኝም እላለሁ፦ በጥቁር የጎማ ፓራውልቷ የተናቀችው የኋለኛዋ ኤምጂቢ ለጀማሪ ምርጥ ግዢ ናት። ዋጋዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ባትሪዋ አንድ ነው፤ ኦቨርድራይቭ፣ ማለትም በረጅም ጉዞ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ተጨማሪ ማርሽ፣ ከ1975 ጀምሮ ለእንግሊዝ ገበያ መደበኛ ሆኖ ነበር። ኦቨርድራይቩ ካልያዘ አትደንግጡ፤ ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት የካምቢዮ ዘይቱን መጠን፣ ቀጥሎም የኤሌክትሪክ ማብሪያውንና ሽቦውን እዩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው።

እነዚህን መኪኖች ዛሬ የሚያኖራቸው ክለብ ነው። ኤምጂ ካር ክለብ የተመሠረተው በ1930 ነው፤ የመጀመሪያው ጸሐፊው ጆን ቶርንሊ ቆይቶ የአቢንግደን ሥራ አስኪያጅ ሆኗል። የሼልስሊ ዎልሽ የተራራ መውጣት ውድድር ከ1905 ጀምሮ ያለ ነው፤ በጉድዉድ ሬቫይቫል ደግሞ ከ1998 ጀምሮ በየመስከረሙ የድሮ መኪኖች በእውነት ይፎካከራሉ። በክለቦቹ ውስጥ የሻንሲ ቁጥር የሚመዘግቡ፣ የጠፉ ዕቃዎች እንዲሠሩ ገንዘብ የሚያዋጡ ሰዎች አሉ። ጌይደን ያለው ብሪቲሽ ሞተር ሙዚየም ደግሞ ከፋብሪካው መዝገብ ላይ መኪናችሁ መቼ እንደተሠራች፣ በምን ቀለምና በምን ሞተር ቁጥር እንደወጣች፣ ወደ የት እንደተላከች የሚያረጋግጥ ወረቀት ይሰጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ቁጥሩን አመሳክሩ፤ ጂኤችኤን ብሎ የሚጀምር ክፍት መኪና፣ ጂኤችዲ ብሎ የሚጀምር ደግሞ ጂቲ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ የሆነች መኪና ከመንገድ ግብርና፣ ብዙ ካልተለወጠች ደግሞ ከዓመታዊ ምርመራ ነፃ መሆን ትችላለች። ነፃነቱ ግን ፍሬኑን አይመረምርላችሁም፤ በየዓመቱ ገንዘብ ከፍላችሁም ቢሆን አስመርምሩ።

ነዳጁ ተለውጧል። እርሳስ ያለው ቤንዚን በ1999 መጨረሻ ከብሪታንያ ጣቢያዎች ወጣ፤ የድሮ ቴስታታ የጭስ ቫልቭ መቀመጫ በረጅም ፈጣን ጉዞ ይበላል፤ ጠንካራ መቀመጫ ማስገጠም መፍትሔው ነው፤ እስከዚያ የቫልቭ ክፍተቱ ቶሎ ቶሎ እየጠበበ እንደሆነ ተከታተሉ። ከ2021 ጀምሮ መደበኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት። ኤታኖል የድሮውን ጎማ ቱቦ ያሳብጣል፣ ያሰነጥቃል፣ እርጥበትም ይስባል። ቱቦዎቹን በሙሉ ኤታኖል በሚችሉ ቀይሩ፤ ኤታኖሉ ያነሰውን ውዱን ቤንዚን ሙሉ። ለሞተሩ 20/50 ዘይት፣ በቂ ዚንክ ያለው፤ ለካምሻፍቱ ጠፍጣፋ ተገፊዎች ዘመናዊው ቀጭን ዘይት አይሆናቸውም። ግፊቱ በጉዞ ላይ ከ50 እስከ 80 ፒኤስአይ፣ በሥራ ፈት ከ15 እስከ 25 መሆን አለበት።

ከረጅም ቆይታ በኋላ የምትነሣ መኪና በቁልፍ ብቻ አትነሣም። አሮጌውን ቤንዚን አፍስሱ። ካንዴላዎቹን አውጡና በየቀዳዳው የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ፤ ሞተሩን በእጅ አዙሩ፤ ከዚያ የእሳት ሽቦውን ነቅላችሁ የዘይት ግፊት ጌጁ እስኪነሣ በሞተሪኖ አሽከርክሩ። ካንዴላዎቹን መልሱና ቁልፉን ክፈቱ፤ ከኋላ የኤስዩ ቤንዚን ፓምፕ ሲመታ መሰማት አለበት። ከመታ በኋላ ቀስ ብሎ ከቆመ ካርቡራተሩ ሞልቷል። ያለማቋረጥ ፈጥኖ ከመታ ቤንዚን የለም ወይም አየር እየገባ ነው። ጭራሽ ካልመታ ፑንቲናው ዝጓል፤ ጎኑን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብላችሁ ምቱት፤ ቢነሣም አጽዱት ወይም ለውጡት፤ ደግሞ ይቆማልና። ፍሪሲዮኑ ከቮላኖው ጋር ተጣብቆ ማርሽ አልገባ ቢል በጉልበት አታስገቡ። የፍሬን ዘይቱን በሙሉ ለውጡ፤ የጎማዎቹን የተሠሩበት ዓመት ጎናቸው ላይ አንብቡ፤ ከ10 ዓመት በላይ ከሆናቸው ጥርሳቸው አዲስ ቢመስልም ከግቢ አትውጡባቸው።